ዕዳ ያለበት ጆሮ

ሰው እንጀራ ያበላውን እግዜር ይስጥልኝ ይለዋል፤ ውሃ ያጠጣውንም ጎንበስ ብሎ ያመሰግነዋል፤ በመንገድ ላይ ሸክሙን ላገዘው መንገደኛም የምርቃት ቃል አያጣም። ዘፈን ላሰማው፥ በዘፈኑም ሐዘኑን ላስረሳው ሰው ግን ምስጋናው አጭር ነው። ሠርጉ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል፤ ጨዋታው ሲያልቅም ተጫዋቹ ይረሳል። ጆሮ ከሆድ ይልቅ ውለታ ቢስ ነው። ሆድ የጠገበበትን ቤት ያስታውሳል፤ ጆሮ ግን የጠገበውን ዜማ ይዞ ሲሄድ ከማን እንደ ተቀበለው አይጠይቅም።

ወጣቶች ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት የጆሮ ውለታ ቢስነት በአገራችን ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ ለማሳየትና ከእናንተም ጋራ ለመከራከር ነው። ክርክሬ ስለ ታላላቆቹ ዘፋኞች አይደለም፤ የእነርሱን ስም ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥዕላቸው በየግድግዳው ተሰቅሏል፤ ሙት ዓመታቸውም ይታሰባል። እኔ የምከራከረው በየክፍለ ሀገሩ፥ በየአውራጃውና በየወረዳው ተቋቁመው ስለ ነበሩት የኪነት ቡድኖች ነው። ከእነዚህም መካከል በደሴ የወሎ ላሊበላ ኪነት፥ በጎጃም የግሽ ዓባይ ኪነት፥ በጎንደር የፋሲለደስ ኪነት ይባሉ የነበሩት ስማቸው እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ ይገኛል። ከእነርሱ በታች የነበሩት፥ በአንድ አውራጃ ገበያ ታውቀው በጎረቤቱ አውራጃ ያልታወቁት ግን ስማቸው ከባለቤቶቹ ጋራ አብሮ ሊቀበር ተቃርቧል።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ ያስጨፈሩትን ሰዎች ስም የረሳ ሕዝብ የገዛ ራሱን የደስታ ቀን ከታሪኩ መጽሐፍ ቀዶ ይጥላል። ጦርነቱን፥ ረሃቡንና የሹም ሽሩን ዘመን ጽፈን ስናበቃ ሕዝቡ በመካከሉ እንዴት ይስቅ እንደ ነበረ ካልጻፍን፥ የልጅ ልጆቻችን አያቶቻቸው መከራ ብቻ እየቈጠሩ የሞቱ ይመስላቸዋል። ይህም ሐሰት ነው።

አንዳንዶቻችሁ የኪነት ቡድን ምን እንደ ነበረ ላታውቁ ትችላላችሁ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የደርግ መንግሥት ዓላማውን ለሕዝብ ለማሰማት ሲል በየቀበሌው፥ በየገበሬ ማኅበሩ፥ በየፋብሪካውና በየትምህርት ቤቱ ዘፈንና ቲያትር የሚያሳዩ ወጣቶችን አደራጀ። በቀበሌ ጎልቶ የታየው ብዙ ጊዜ ወደ አውራጃው፥ በአውራጃውም የላቀው ወደ ክፍለ ሀገሩ ቡድን ይመረጥ ነበር። ቡድኑም ብዙውን ጊዜ አንድ ማሲንቆ፥ አንድ ወይም ሁለት ክራር፥ አንድ ዋሽንት፥ ከበሮ፥ ጥቂት ድምፃውያንና የወንዶችና የሴቶች ተወዛዋዦች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ ደመወዝ የሚቈረጥላቸው ጥቂቶች ነበሩ። የቀሩት ቀን ሲያርሱ፥ ሲሸምኑ፥ ሲያስተምሩ ወይም ሲማሩ ውለው ማታ የሚለማመዱ ነበሩ።

እኔ በልጅነቴ በወሎ በአንዲት የገበያ ከተማ ከእነዚህ የአውራጃ ቡድኖች አንዱን አይቻለሁ። መድረኩ ጎኖቹ የወረዱ የጭነት መኪና ነበር። የኤሌክትሪክ መብራት አልነበረም፤ ስለዚህ ጨዋታው ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ ነበረበት። ማሲንቆ መቺው ከኪሱ ዕጣን አውጥቶ የፈረስ ጭራውን ያሽ ነበር፤ ዕጣን ያልተቀባ ጭራ በክሩ ላይ ይንሸራተታልና ድምፅ አያወጣም። ከበሮ መቺውም ቆዳው እንዲወጠር ከበሮውን ከጧት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስጥቶ በክንዱ ከልሎ ከሕፃናት እጅ ይጠብቅ ነበር። እኛ ሕፃናቱ ይህን ሁሉ በቅርብ አየን፤ ከጨዋታውም ይልቅ የጨዋታው ዝግጅት አስደነቀን። ጨዋታ ሥራ መሆኑን፥ ሥራም ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑን የተማርሁት በዚያ ቀን ነው።

ስለ ሙዚቃቸውም ጥቂት ልናገር፤ የማያውቁትን ነገር መውደድም ሆነ መናቅ አይቻልምና።

የአገራችን የደጋው ዘፈን የሚቆምባቸው አራት ዋና ዋና ቅኝቶች አሉ፤ እነርሱም ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። እያንዳንዱ አምስት አምስት ድምፅ አለው፤ ልዩነቱም በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከአራቱ የሁለቱ መጠሪያ የወሎ ቦታ ስም መሆኑን ልብ በሉ። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለ ተራራማ አገር ነው። ባቲ ደግሞ ደጋው ከአፋር ቆላ ጋራ የሚገናኝባት፥ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ በዚያም ደገኛው እህሉን፥ ቆለኛው ግመሉንና ጨው አምጥቶ ይገበያያል። እንግዲህ ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ አንድ ዘፋኝ በባቲ ቅኝት ሲዘፍን፥ ቢያውቀውም ባያውቀውም የአንዲት የገበያ ከተማ ስም ይጠራል። ዋና ከተማው ከገጠሩ የተበደረው ይህን ያህል ነው፤ ብድሩን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የወሎ ቡድኖች ይህን ቅኝት ከመጽሐፍ አልተማሩትም። አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ አፋርኛና አርጎብኛ የሚናገር ሰው በአንድ ገበያ በሚውልበት፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ሠርግ በሚጨፍርበት አገር ዜማ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ያለ ቀረጥ ይሻገራል። የቡድኑ አባሎች ይህን የተሻገረ ዜማ ከየሠርጉ፥ ከየደቦውና ከየአውድማው ለቅመው ወደ መድረክ አመጡት።

መድረክ ላይ ሲያወጡትም ሁለት ነገር ለወጡ። አንደኛው የጊዜው ነገር ነው። የሠርግ ዘፈን ወሰን የለውም፤ አውጪው እስኪደክመው፥ ተቀባዩም ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ይሄዳል። ለመድረክ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ረጅሙን አሳጠሩት፥ ከብዙው ግጥም ምርጡን አስቀሩ። ሁለተኛው የአቋቋም ነገር ነው። በሠርግ ቤት ሰው ክብ ሠርቶ እርስ በርሱ እየተያየ ይጨፍራል። በመድረክ ላይ ግን ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ በረድፍ ይቆማል። በዚህ ለውጥ የጠፋም የተገኘም ነገር አለ። የጠፋው የክቡ ወዳጅነት ነው። የተገኘው ደግሞ የጎጃሙ የትከሻ አመታት፥ የወሎው የአንገት አጣጣል፥ የጎንደሩ እስክስታ እያንዳንዱ በልዩ ጠባዩ ተለይቶ መታየቱ ነው። አንድ የወሎ ልጅ የጎጃሙን አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ የሚጨፍር ሰው ከጎጃም ሳይደርስ ያየው በእነዚህ ቡድኖች ምክንያት ነው። አገሩን በእግሩ ላልዞረ ገበሬ አገሩን በትከሻና በአንገት አስጎበኙት።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሥራ የሠሩ ሰዎች መረሳታቸው ትክክል ነው የሚሉኝ አሉ። ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ፤ ሦስቱንም በየተራ እመልሳለሁ።

አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። በአንድ ሻይ ቤት ስለዚህ ጉዳይ ስናገር አንድ የተማረ ወጣት በጨዋነት፥ ነገር ግን በቁርጥ አነጋገር፥ «ጋሼ፥ እነዚያ እኮ የደርግ አጨብጫቢዎች ነበሩ። ምን ብለን እናስታውሳቸው?» አለኝ።

የወጣቱ ነገር ከፊሉ እውነት ነው፤ እውነቱንም አልሸሽገውም። ቡድኖቹ የተቋቋሙት ለመንግሥቱ ዓላማ ነው። ስለ ጦሩ፥ ስለ ዘመቻውና ስለ መሪው ዘፍነዋል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲከበር፥ በዚያው ሰዓት በወሎ በኮረም ሜዳ ሕዝቡ በረሃብ ይረግፍ ነበር። በዚያ ዘመን የምስጋና መዝሙር መዘመር የሚያኮራ ነገር አይደለም። ማንም ይህን አልፎ ሌላውን ብቻ ቢያወራ ታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን ሻጭ ነው።

ነገር ግን ወጣቱ ሁለት ነገር አልመዘነም። በመጀመሪያ፥ ትእዛዙን የሰጠውና ትእዛዙን የዘፈነው አንድ አይደሉም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከቀበሌ ተጠርቶ ይህን ዝፈን ሲባል እንቢ ማለት ምን ያስከትል እንደ ነበረ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በሁለተኛውም፥ የጨዋታውን ቅደም ተከተል ያየ ሰው ያውቀዋል። መክፈቻው የመፈክር መዝሙር ነበር፤ ሹማምንቱም ያን ሰምተው ያጨበጭቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እስኪመሽ ድረስ የሠርጉ፥ የአዝመራውና የፍቅሩ ዘፈን ይከተላል፤ ሕዝቡም ከየገደሉ የመጣው ለዚህ ነበር። ዛሬ ከዚያ ዘመን ሰዎች አንዱን ይዛችሁ አንድ ዘፈን ያንጎራጉርላችሁ ዘንድ ለምኑት። መፈክሩን አያንጎራጉርላችሁም፤ የአምባሰሉን ዜማ ያንጎራጉርላችኋል። ሕዝብ ወንፊት ነው፤ ገለባውን ራሱ ነፍቶ ጥሎታል። እኛ ከሕዝቡ በልጠን ፍሬውንም ከገለባው ጋራ እንጣል ብንል ፈራጅ መሆናችን ቀርቶ አባካኝ መሆናችን ይገለጻል። ደግሞስ ለገዢ የተዘፈነበት ሁሉ ይጥፋ ካልን፥ ለነገሥታቱ ከተገጠመው ግጥም ጀምሮ ከጥበባችን ምን ይተርፈናል?

ሁለተኛው ምክንያት፥ «መልካሞች ቢሆኑ ኖሮ ይታወቁ ነበር» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ፍርድ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰነፍ ሰው መኝታ ነው። ዝና በችሎታ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ልክ በሆነ። ዝና ግን የመሣሪያና የመንገድም ነገር ነው። የራዲዮ ጣቢያው፥ የቲያትር ቤቱና የሸክላ አሳታሚው በዋና ከተማው ነበሩ። አምሃ ሬከርድስ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር በደጁ የሚገኙት በአዲስ አበባ የሚጫወቱት ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፥ በ1990 ዓ.ም.፥ ኢትዮፒክ የተባለው ተከታታይ ሥራ በፈረንሳይ አገር መታተም ጀመረና ያን ዘመን ለዓለም አሰማ፤ ሙዚቃችንም ተከበረ። ይህ ደግ ሥራ ነው፤ የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ነገር ግን ከታላቁ ትምህርቱ አንዱን አትሳቱ፤ እንደ ገና ሊነሣ የቻለው በአብዛኛው አስቀድሞ በሸክላ የተቀረጸው ነው። ያልተቀረጸ ዘፈን ትንሣኤ የለውም።

ደግሞም ችሎታው እንደ ነበረ ምስክር አለ። ይሁኔ በላይ ከግሽ ዓባይ ኪነት ተነሥቶ ስሙ በአገር ሁሉ ተሰማ። ማሪቱ ለገሠ ከወሎ ምድር ያመጣችውን አምባሰል የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ ስሟን ከዜማው አይለየውም። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላም ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው ታላቅ የኪነት ጉዞ በ1980 ዓ.ም. አውሮፓንና አሜሪካን ሲዞር ያሳየው የየክፍለ ሀገሩን ጨዋታ ነበር። ታዲያ እነዚህ በዝና የወጡት ጥቂቶች ብቻቸውን በባዶ ሜዳ በቀሉን? አንድ ድምፃዊ በመድረክ ላይ እንዲያበራ ከኋላው ከበሮ የሚመታ፥ የሚቀበልና የሚያጨበጭብ ያስፈልጋል። ድምፃዊው የአውቶቡስ መሳፈሪያ አግኝቶ ወደ ከተማ ሄደ። ከበሮ መቺው እናቱ ታማበት ቀረ፤ ተቀባይዋ አግብታ ቀረች፤ ዋሽንት ነፊውም ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ በዚያው ቀረ። የመቅረታቸው ምክንያት ኑሮ ነው እንጂ የችሎታ ጉድለት አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ትሕትና ለብሶ ይመጣል። «ዜማው የሕዝብ ነው፤ ባለቤት የለውም» ይላሉ። በዚህ ቃል ተከልለው ብዙ ሰዎች ሌላው የለፋበትን ወስደዋል። የአውራጃው ቡድን ከስድስት ሠርግ ለቅሞ፥ አስማምቶ፥ መግቢያ መውጫ ሠርቶለት ያቆመውን ዘፈን አንዱ የከተማ ዘፋኝ ይሰማዋል፤ ኦርጋን ይጨምርበታል፤ በካሴቱም ሽፋን ላይ «ዜማ፤ የሕዝብ» ብሎ ይጽፋል። ገንዘቡ ሲመጣ ግን የሕዝብ አይሆንም።

አንድ ጊዜ በእርሻ ሥራ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የቀድሞ ማሲንቆ መቺ ይህን ነገር አጫወቱኝ። ወደ ደሴ ሲሄዱ በተሳፈሩበት መኪና ራዲዮ ውስጥ የገዛ ራሳቸው ቡድን ያስማማውን ዘፈን፥ መግቢያውንም ሳይቀር፥ በሌላ ሰው ድምፅ ሰሙት።

«አባባ፥ ታዲያ ለምን አልከሰሱም?» አልኋቸው።

ሽማግሌው ሣቅ አሉና፥ «ልጄ፥ ማንን ብዬ ልክሰስ? ዜማው የአያቴ ነው። መግቢያውን ግን እኔና ባልንጀሮቼ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብለን ነው ያበጀነው። ገንዘቡስ ይቅርብኝ፤ ከማን እንደ ሰሙት አንድ ቀን ቢናገሩ ይበቃኝ ነበር» አሉኝ።

ወጣቶች ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሽማግሌው ያያቸውንና የራሳቸውን ለይተው ያውቃሉ፤ ያያቴን የኔ ነው አላሉም። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ከወሰዱባቸው ሰዎች ዘንድ አልተገኘም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙንም መብት ያውቃል፤ ዘመኑንም ድምፁ ከተቀረጸበት ጊዜ ጀምሮ ሃምሳ ዓመት አድርጎታል። ነገር ግን ሕግ የሚረዳው ማስረጃ ያለውን ነው። ስሙ በሽፋን ያልተጻፈ፥ ድምፁ ያልተቀረጸ፥ ቡድኑም የፈረሰ ሰው ምን ይዞ ዳኛ ፊት ይቆማል? ስለዚህ ስምን መጻፍ የምስጋና ነገር ብቻ አይደለም፤ የፍትሕ መጀመሪያው ነው። ስሙ ያልተጻፈን ሰው መዝረፍ ቀላል ነው።

የእነዚህ ሦስት ምክንያቶች ሥር አንድ ነው፤ እርሱም ጥንታዊው የአዝማሪ ንቀት ነው። አባቶቻችን በአዝማሪ ዘፈን እየተደሰቱ ልጃቸውን ለአዝማሪ አይድሩም ነበር። በግብዣው ላይ ይጠሩታል፤ በማዕዱ ግን ከበር አጠገብ ያስቀምጡታል። ያው ንቀት በየዘመኑ ልብሱን እየቀየረ ወደ እኛ ደርሷል፤ ዛሬ «ባህላዊ ነው» ብለን በትከሻችን ስናልፈው ከበር አጠገብ ማስቀመጣችን ነው።

እኛ የናቅነውን ጠላት እንዳልናቀው ግን ታሪክ ይመሰክራል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ያ ጨካኝ ሰው እንዲያዙና እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል በየመንደሩ የሚዞሩ ጠንቋዮች፥ ተረት ነጋሪዎችና አዝማሪዎች ነበሩበት። ጠመንጃ አልያዙም፤ የያዙት ማሲንቆ ነበር። ወራሪው ግን በአዝማሪ አፍ የሚዞር ቃል ከጥይት ርቆ እንደሚሄድ ተረድቶ ነበር። በቀድሞ ዘመንም መኳንንቱ የአገሩን ሁኔታ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። ገዢም ጠላትም ያከበረውን የዘፈን ኃይል ባለቤቱ ሕዝብ ሲንቀው «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የተባለው ተረት ተፈጸመ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜው እንዴት እንደ ጠበበ ልንገራችሁ። በእነዚህ ቡድኖች ከተጫወቱት ውስጥ በ1970 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቷል። የቡድኑ መሪ የነበረውማ፥ በሕይወት ካለ፥ ከዚያ አልፏል። በእርሱ ራስ ውስጥ ያለው ዜማ፥ የባልንጀሮቹ ስም፥ የተጫወቱበት ገበያና ቀን ሌላ ቦታ አልተጻፈም።

በቴፕ የተቀዳው ቢኖርም እርሱም እየሞተ ነው። የቴፕ ክር ማለት በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ የብረት ዝገት ዱቄት ነው። ማጣበቂያው ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይላላል፤ ክሩም እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሻጋታም ይበላዋል። በዚያም ላይ ባዶ ቴፕ ውድ ስለ ነበረ በአንዱ ዘፈን ላይ ሌላ ይቀዳበት ነበር። ማጫወቻውም ከገበያ ጠፍቷል፤ የሚጠግነውም ሰው አርጅቷል። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ጋራ ሆኖ በ2011 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር ዓለምን አስጠንቅቆ ነበር፤ ባለሙያዎቹም በቴፕ ያለው ሁሉ ወደ አዲስ መሣሪያ መገልበጥ ያለበት በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2025 ነው ብለው ነበር። ያ ዓመት ደርሶ አለፈ።

ይህም ሳይበቃ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ፥ በአንድ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ነገር ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል በዓይናችን አየን። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር የለም ብላችሁ ቍጠሩት።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እርግጥ ነው፤ የመንግሥትም ሥራ ነው። ነገር ግን መንግሥት በዓለም መዝገብ የሚጻፈውን ታላቅ ነገር ይመለከታል። መስቀል በ2006 ዓ.ም.፥ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተጻፉ፤ ደስ ብሎናል፤ ይገባቸዋልም። የአንድ ወረዳ ማሲንቆ መቺ ስም ግን ከዚያ መዝገብ አይደርስም። እርሱን ሊጽፈው የሚችለው ያንተ እጅ ነው፤ አንተ የወንዙ ልጅ ነህና ቤቱን ታውቀዋለህ።

ደግሞም ወጣቶች ሆይ፤ በአባቶቻችን ዘመን ያልነበረ መሣሪያ ዛሬ በእያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ አለ። በዚያች ትንሽ ስልክ የራሳችሁን ፊት በቀን አሥር ጊዜ ታነሣላችሁ። የአንድ ሽማግሌ ዋሽንት ለመቅዳት ግማሽ ሰዓት አይጠፋችሁም። ስለዚህ ምክሬ አጭርና ግልጽ ነው።

ወደ ትውልድ ወረዳችሁ ስትሄዱ በቀድሞው ኪነት ማን ነበረ ብላችሁ ጠይቁ። ስታገኙት እንደ ልመና ጠያቂ አትቅረቡት፤ እንደ መምህር እጅ ንሡት። ሳትቀዱ ፈቃዱን ጠይቁ። ከዘፈኑ በፊት ስሙን በራሱ አፍ እንዲናገር አድርጉ፤ ቀጥሎም የባልንጀሮቹን ስም ሁሉ፥ የሞቱትንም ጭምር፥ አንድ በአንድ አስቈጥሩት። ዜማውን ከማን እንደ ሰማው፥ የቱን ከአባቱ እንደ ወረሰ፥ የቱን ቡድኑ እንዳበጀው ለይቶ ይንገራችሁ። ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። ቅጂውን ቢያንስ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ለእርሱ ለራሱ ወይም ለልጆቹ ስጡ። ከሥራውም ገንዘብ ቢገኝ ድርሻውን አድርሱለት።

ዘፋኝ የሆናችሁ ደግሞ፥ የአገር ቤት ዜማ ስትወስዱ ከማን እንደ ሰማችሁ ተናገሩ። ይህን ማለት ዝናችሁን አይቀንስም፤ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ይታመናል። ሰሚ የሆናችሁም «የሕዝብ» የሚለውን ቃል ስታነቡ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ የየትኛው ሕዝብ፥ ከየትኛው ገበያ፥ በማን አፍ ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ስል የቀድሞው ዘፈን ብቻ መልካም ነው፥ አዲሱ ይቅር ማለቴ አይደለም። እነዚያም ቡድኖች በዘመናቸው አዲስ ነበሩ፤ የሠርጉን ክብ ወደ መድረክ ረድፍ ሲያመጡት ሽማግሌዎች ሳይነቅፏቸው አልቀሩም። እናንተም የፈለጋችሁትን መሣሪያ ጨምሩ፤ የፈለጋችሁትን ጭፈራ ጨፍሩ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስታበድሩም ስትበደሩም በስም ይሁን።

በገንዘብ የተበደረ ሰው ባለዕዳ መሆኑን ያውቃል፤ ዳኛም አለው። በጆሮው የተበደረ ሰው ግን ዳኛው ሕሊናው ብቻ ነው። አበዳሪዎቻችን በየገጠሩ በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ወለድ አልጠየቁንም፤ ስማቸውን ብቻ እንድንጠራ ይፈልጋሉ። ዕዳችንን እነርሱ በሕይወት ሳሉ ብንከፍል ተመስግነን እናርፋለን፤ እነርሱ ካለፉ በኋላ ግን እንክፈል ብንልም የሚቀበለን አናገኝም።